ሰሊጥ ይጻፍ ቢባል ሰሊጥ የጨመረው ፋብሪካ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአሜሪካ የታሸገ ምግብ የሚያመርት ሁሉ በምርቱ ውስጥ ሰሊጥ ካለ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ስሙ እንዲጽፍ በሕግ ተገድዷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ በኤፕሪል 2021 በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ሲፈረም ሰሊጥ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ሽሪምፕን ከመሰሉ የባሕር እንስሳት፣ አልመንድና ካሽውን ከመሰሉ የዛፍ ለውዞች፣ ከኦቾሎኒ፣ ከስንዴና ከአኩሪ አተር ቀጥሎ ዘጠነኛው ዋነኛ የአለርጂ መንስኤ ሆኖ ተመዘገበ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሰሊጥ አለርጂ እንዳለባቸው ገምቶ ነበር። ሰሊጥ እስከዚያ ድረስ «ቅመማ ቅመም» ወይም «የተፈጥሮ ማጣፈጫ» በሚሉ የወል ስሞች ሥር ተሸሽጎ ማለፍ ይችል ስለነበር፣ እነዚህ ቤተሰቦች ሕጉን እንደ ትልቅ ድል ቢቀበሉት የሚያስደንቅ አልነበረም። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ሰሊጥ ኖሯቸው በማያውቁ ዳቦዎችና መክሰሶች ውስጥ አምራቾች ሆን ብለው የሰሊጥ ዱቄት መጨመር ጀመሩ።

ነገሩ እብደት ቢመስልም የራሱ ስሌት አለው። የአሜሪካ የአለርጂ ገላጭ ጽሑፍ ሕግ መሠረት የሆነውና በ2004 ወጥቶ ከ2006 ጀምሮ የሚሠራበት አዋጅ አምራቹን የሚያስገድደው በቀመሩ መሠረት የጨመረውን ግብዓት እንዲጽፍ ነው። ከጎን ካለው የማምረቻ መስመር በንክኪ የሚመጣ ብናኝ እንደ ግብዓት አይቆጠርም። በሌላ በኩል በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ሕግና እሱን ተከትሎ የመጣው ደንብ ፋብሪካዎች በተመዘገቡት የአለርጂ መንስኤዎች መካከል ንክኪ እንዳይፈጠር መሣሪያ እንዲያጥቡ፣ መስመር እንዲለዩ፣ የማምረቻ ተራቸውንም እንዲያስተካክሉ ይጠይቃል። ሰሊጥ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ይህ ግዴታ አብሮት ገባ። ከሑመራ ወይም ከመተማ የመጣ ሰሊጥ አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ቅባት አለው፣ የነካው ላይ ይጣበቃል፣ የትም ይገባል። ሰሊጥ የተነሰነሰበትን የበርገር ዳቦና ሰሊጥ የሌለበትን ዳቦ በአንድ መስመር ላይ እያፈራረቀ የሚጋግር ፋብሪካ ያንን መስመር ፍሬ በፍሬ ማጽዳት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። «ሰሊጥ ሊኖርበት ይችላል» ብሎ መጻፍ ከጽዳቱ ግዴታ አያድነውም። ሰሊጡን ራሱ ጨምሮ «ሰሊጥ አለው» ቢል ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላገላል፤ ሰሊጥ አሁን ግብዓት ነውና።

ብዙዎቹ ይህንን መረጡ። ኦሊቭ ጋርደን የተባለው የምግብ ቤት ሰንሰለት ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ ንክኪ ሊፈጠር ስለሚችል በታወቁት ረዣዥም ዳቦዎቹ (ብሬድስቲክስ) ውስጥ ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት መጨመሩን በይፋ ተናገረ። ሌሎች የፈጣን ምግብ ሰንሰለቶችና ዳቦ ጋጋሪዎችም ተከተሉት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ድርጊቱን እንደማይደግፍ ቢገልጽም በትክክል እስከተጻፈ ድረስ ሕግ መጣስ አይደለም አለ። ያም ብቻ አይደለም። ቢምቦ ቤከሪስ የተባለው ግዙፍ ዳቦ አምራች ደግሞ በአንዳንድ ምርቶቹ ላይ በቀመሩ ውስጥ የሌለ ሰሊጥና የዛፍ ለውዝ «አለው» ብሎ በመጻፉ በጁን 2024 ከኤፍዲኤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። እዚህ ላይ ልብ ይሏል። የሌለውን አለ ብሎ የጻፈው ሲገሠጽ፣ ያልነበረውን ጨምሮ እውነቱን የጻፈው ግን ነጻ ነው። ከሕግ ቋንቋ አንጻር ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ልጇ በሰሊጥ ምክንያት የመተንፈሻ ቧንቧው ሊዘጋበት ለሚችል እናት ግን የሁለቱ ልዩነት ምንም ነው፤ በሁለቱም መንገድ ትናንት የምትገዛው ዳቦ ዛሬ ከቅርጫቷ ይወጣል።

ዘዴው በሰሊጥ አልተጀመረም። በ2016 ኬሎግ የተባለው ምግብ አምራች ኦስቲንና ኪብለር በሚሉ ስያሜዎች በሚሸጣቸው አንዳንድ የሳንድዊች ብስኩቶች ውስጥ ጥቂት የኦቾሎኒ ዱቄት እንደሚጨምር ሲያስታውቅ ወላጆች ፊርማ አሰባስበው ተቃውመውት ነበር። ያን ጊዜ የአንድ ኩባንያ ውሳኔ የነበረው ነገር በ2023 የኢንዱስትሪ ልማድ ሆነ። በእኔ እምነት ጥፋቱ ሰሊጥ ይጻፍ በማለት ላይ አይደለም፤ መጻፍ ነበረበት። ጥፋቱ ሕግ አውጪዎቹ ስም እንዲጻፍ ሲያስገድዱ ስለ መጠን አንድም ቃል ሳይናገሩ ማለፋቸው ነው። ምን ያህል ብናኝ አደገኛ እንደሆነ፣ ከስንት በታች ሲሆን ፋብሪካው «ንጹሕ ነው» ማለት እንደሚችል ሕጉ አይናገርም። ገደብ በሌለበት ጥንቁቁ ፋብሪካም ቸልተኛው ፋብሪካም እኩል ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውን የሚያራግፉትም በገዢው ላይ ነው።

በመደብር መደርደሪያ ላይ የሚታየው ደግሞ ይህ ነው። ሕጉ ከጃንዋሪ 2023 በፊት የተመረተው ሸቀጥ ተሰብስቦ እንዲመለስ ወይም እንደገና እንዲለጠፍበት አላዘዘም። ስለዚህ በሽግግሩ ወራት አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ሥዕልና አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት የብስኩት ከረጢቶች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንዱ ሰሊጥ የሚል ቃል ሳይኖርበት፣ ሌላው ከጀርባው ከግብዓቶች ዝርዝር ግርጌ በደማቁ በተጻፈው «ይዟል» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ሰሊጥን ጨምሮ ሊገኙ ይችሉ ነበር። የከረጢቱ ፊት ስለ ለውጡ የሚናገረው የለም። ጣዕሙ አዲስ ሲሆን «አዲስ!» ብሎ በቢጫ ኮከብ የሚያውጅ ኩባንያ፣ ሰው ሊገድል የሚችል ግብዓት ሲጨምር ዝም ቢል የሚጠይቀው ሕግ የለም። ለአለርጂ ተስማሚ እየተባሉ የሚሸጡት መክሰሶችም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ጥበቃ የላቸውም፤ «ለአለርጂ ተስማሚ» የሚለው ሐረግ በአሜሪካ ሕጋዊ ትርጉም የለውምና። ኩባንያው የፈለገውን ሊያመለክትበት ይችላል።

በውጭ ያለን ሐበሾች ማሸጊያ ማንበብን የተማርነው ከአለርጂ ይልቅ በጾም ምክንያት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በዐቢይ ጾም ወቅት ብስኩት አገላብጦ ወተትና እንቁላል የሚፈልግ ሰው በየሱቁ አለ። የጾመኛው ንባብ ግን ለአለርጂ አይበቃም፤ ሁለት ወጥመዶች አሉበት። የመጀመሪያው «ከወተት ነጻ» እንደማለት የሚወሰደው «ነን ዴሪ» የሚለው ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ ደንብ ኬዚኔት የተባለውን የወተት ፕሮቲን የያዘ የቡና ማቅለሚያ፣ ከግብዓቶቹ መካከል ከወተት የተገኘ መሆኑን እስከጠቆመ ድረስ፣ በፊት ገጹ «ነን ዴሪ» እንዲባል ይፈቅዳል። ሁለተኛው ጥቁር ቸኮሌት ነው። ኤፍዲኤ በ2015 ይፋ ባደረገው ምርመራ 94 የጥቁር ቸኮሌት ዓይነቶችን ፈትሾ ወተትን በግብዓትነት የጻፉት 6 ብቻ መሆናቸውን አየ፤ ከቀሩት 88 ውስጥ ግን በ51ዱ ወተት ተገኘ። ሳያውቅ የበላ ጾመኛ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ይመለሳል። የወተት አለርጂ ያለበት ሕፃን ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው።

ከእኛው ማሳ የሚመጣም አደጋ አለ። በጎጃምና በአዊ ተቆልቶ፣ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ሲለቅ የሚበላው፣ አረቄም የሚወጣበት ግብጦ፣ ዛሬ ፕሮቲኑ ስለሚፈለግ ዱቄቱ ከግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ከሚገኘው ፕሮቲን) ነጻ በሆኑና ስታርች በተቀነሰባቸው መክሰሶች ውስጥ ስንዴን እየተካ ነው። የግብጦ ፕሮቲን ከኦቾሎኒ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ኦቾሎኒ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ግብጦም አይስማማቸውም፤ ይህንን ኤፍዲኤ ራሱ ያሳስባል። ሆኖም የአሜሪካ ዝርዝር ግብጦን አያውቀውም። በግብዓቶች መካከል «ሉፒን» ተብሎ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል እንጂ «ይዟል» ከሚለው መስመር አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት ግን በ2006 ወደ ዝርዝሩ የገባ ሲሆን በግዴታ ከሚገለጹት 14 መንስኤዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከስቶክሆልም ወደ ዋሽንግተን የተዛወረ ቤተሰብ እዚያ ደምቆ ያየው የነበረውን ቃል እዚህ ካልፈለገው አያገኘውም። ዝርዝሩ ሲያጥርም እንዲሁ ነው። ኤፍዲኤ በጃንዋሪ 2025 ኮኮናትን ከዛፍ ለውዞች ተርታ አውጥቶታል። ኮኮናት የሚያስቸግረው ሰው ከዛፍ ለውዝ ሕመምተኛ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ውሳኔው ምክንያት አለው፤ የሚያስቸግራቸው ጥቂቶች ግን ከእንግዲህ ዓይናቸውን ወደ ዝርዝሩ መካከል መመለስ አለባቸው፤ ይህንን የሚነግራቸው ማሸጊያም የለም።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሰምቼዋለሁ፤ ከፊሉም እውነት አለው። ዱቄት በሚበንንበት፣ ውኃ ለማሽኑ ጠላት በሆነበት ዳቦ ቤት ፍጹም ንጽሕና የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ፍጹም ንጽሕና የጠየቀ የለም። ሊለካ የሚችል ገደብ ማበጀት እንደሚቻል ደግሞ አሜሪካ ራሷ አሳይታለች። በ2013 በወጣው ደንብ «ከግሉተን ነጻ» ብሎ መጻፍ የፈለገ አምራች ግሉተኑ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ20 ክፍል በታች መሆን አለበት። ምርመራ የማያሳየውን እንኳ ሳይቀር አስበውበታል። እንደ እንጀራ የቦካ ምግብ ውስጥ ያለ ግሉተን በመደበኛው ምርመራ በትክክል ስለማይለካ፣ በ2020 የወጣው ተጨማሪ ደንብ አምራቹ ከመቡካቱ በፊት ዱቄቱ ንጹሕ እንደነበር በመዝገብ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ስለዚህ ጤፍን ከገብስ ወይም ከስንዴ ቀላቅሎ የሚጋግር እንጀራ ቤት፣ እርሾው ቢበላውም ባይበላውም፣ ያንን ጽሑፍ መለጠፍ አይችልም። ለግሉተን ይህ ሁሉ ከታሰበ ለሰሊጥና ለኦቾሎኒ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። ጃፓን በሕግ ለተመዘገቡት መንስኤዎች በአንድ ግራም ምግብ 10 ማይክሮግራም ፕሮቲን የሚል ገደብ አላት፤ «ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን ጽሑፍም ከልክላለች።

ገደቡ የምርምርና የዓመታት ሥራ ነው እንበል። ፊት ለፊት የሚጻፍ ማስታወቂያ ግን ምርምር አይፈልግም። አንድ ምርት ከተመዘገቡት ዘጠኝ መንስኤዎች አንዱን አዲስ ሲጨምር፣ ለስድስት ወር ያህል በማሸጊያው ፊት ላይ «ግብዓቱ ተለውጧል፤ አሁን ሰሊጥ አለው» ተብሎ በጉልህ እንዲጻፍ ማስገደድ የአንድ መስመር ቀለም ወጪ ነው። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ የሱፍ አበባ ዘይት ሲጠፋ፣ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ተቋም አምራቾች ማሸጊያውን ሳይቀይሩ በሌላ ዘይት እንዲተኩ ሲፈቅድ ለውጡን ራሱ ለሕዝቡ አስታውቋል፤ የተተካው ዘይት አደጋው እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሰሊጥ በፈቃድ ሲጨመር ቢያንስ ያንን ያህል ማስታወቂያ ይገባው ነበር።

ይህንን ከኩባንያዎቹ ስንጠይቅ የራሳችንን ሱቆችም አናልፋቸው። በሐበሻ መደብሮች ከካሸሩ አጠገብ በግልጽ ከረጢት ታስሮ የሚሸጠው ቆሎ ብዙ ጊዜ ስሙና ዋጋው ብቻ ነው ያለበት፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ኦቾሎኒውና ሱፉ በዓይን ስለሚታዩ መጻፉ ትርፍ መስሎ ይታያል። በዚያው ትሪ ላይ ትናንት የተቆላው ሰሊጥ ግን አይታይም፤ በዳቦ ቆሎው ውስጥ የገባው ቅቤም አይታይም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከቤት ተሠርቶ የሚሸጥ ምግብ እንኳ ግብዓቱና የአለርጂ መንስኤው እንዲጻፍበት ይጠየቃል። በትንሽ ማተሚያ የሚወጣ ተለጣፊ ወረቀት ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አራት መስመር ጽፎ መለጠፍ፣ ቀመሩ በተቀየረ ቁጥርም ወረቀቱን መቀየር፣ የፋብሪካ አቅም የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ባለሱቆቻችንም ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጉት ይችላሉ።