ይድረስ ለክቡር የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከቢሾፍቱ ወዲህ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወገቤና ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል፤ በቀን የሚረግጥዎ ብዙ ነውና አልቀየምም። ከኮንሶ ተነስተን በአርባ ምንጭ፣ በወላይታ ሶዶና በሻሸመኔ አድርገን በሞተር ሳይክል ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከቤታችን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ አመሻሽ ላይ በጀርባዎ ያለፍነው ባልና ሚስት ነን። የሚነዳው ባለቤቴ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከኋላ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ማለትም ፊትዎን አንድም ጊዜ ሳላይ ክብደትዎን ጠንቅቄ የማውቀው።

ስለ ቀደመው መንገድ ክስ የለኝም። ጉድጓድ ሞልቷል፤ ጉድጓድ ግን ውሃ አቁሮ፣ በዙሪያው ጠጠር በትኖ፣ መኖሩን ከሩቅ ይናገራል። አህያም ብትሆን መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ስታሰላስል ትታያለች። እርስዎ ግን የአስፋልቱን ቀለም እንደ ለበሱ፣ ነጭ መስመር ሳይሰመርብዎ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይቆምልዎ፣ ዝም ብለው ተኝተው ይጠብቃሉ። የመረጡት ቦታም የሚደነቅ ነው። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያመራ የማታዋ ፀሐይ በቀጥታ ነጂው ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ከደረቅ ወደቡ ኮንቴነር የጫነው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም ይከባል፤ ያ ሁሉ አገር ያደከመው ሰው ደግሞ ልቡ ከአካሉ ቀድሞ ቤቱ ገብቷል። እርስዎ የሚነሱት ልክ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሥራዎ ውጤት ከጀርባ በኩል ላስረዳዎ። ጉብታውን በጊዜ ያየ ነጂ አስቀድሞ ፍሬን ይይዛል፣ የፊት ጎማው ሊወጣ ሲል ይለቃል፣ መርገጫው ላይ ከፍ ብሎም በጉልበቱ ይቀበለዋል። ዘግይቶ ያየ ግን ፍሬን እንደ ያዘ ይወጣል፤ የፊት ሞላው በፍሬኑ ተጨምቆ ስላለቀ ድንጋጤውን የሚውጥበት ስፍራ አይተርፈውም። ይህ የእርሱ ድርሻ ነው። የእኔ መቀመጫ ያለው ደግሞ የኋላው ጎማ አናት ላይ በመሆኑ፣ እርሱ አልፎ «እፎይ» ሲል የእኔ ተራ ይደርሳል፤ ወደ ላይ እነሳለሁ፣ ስመለስ መቀመጫው ትንሽ ወደ ፊት ሄዶ ይጠብቀኛል፣ ሄልሜቴም ከእርሱ ሄልሜት ጋር ይላተማል። ባለቤቴ ያን ጊዜ «አየሁት» ይላል። ያየው ካለፍነው በኋላ መሆኑን ለትዳራችን ሰላም ስል አላነሳም።

የዘር ሐረግዎን ብመረምር ትውልድዎ የተከበረ ሆኖ አገኘሁት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1927 የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ኮምፕተን፣ ይመራው በነበረው በሴንት ሉዊሱ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመኪኖች ሩጫ ቢያስቸግረው፣ በዝግታ ያለፈ እንዳይጎዳ፣ የፈጠነ ብቻ እንዲንገጫገጭ አድርጎ በዚያው አቆጣጠር በ1953 ጉብታ ነደፈ። በ1970ዎቹ ደግሞ የእንግሊዝ የመንገድ ተመራማሪዎች ሞክረው ሞክረው 3.7 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ጀርባው በቀስታ የሚያብጥ ጉብታ አወጡ። ክቡርነትዎ ከፍታውን ወርሰዋል፤ ርዝመቱን ግን በመንገድ የጣሉት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የኋላው ጎማችን መውጣት ሳይጀምር የፊቱ ወርዶ ነበር።

ይነሱልን እያልሁ ግን አይደለም። የዱከም ፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ መንገዱን እንዴት እንደሚያቋርጡ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክም ትሕትና የሚማረው ከእርስዎ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይናገራል፤ በየመንደሩ ያሉት ዘመዶችዎ፣ ከአፈርና ከድንጋይ የተሠሩትም፣ ወፍራም የመርከብ ገመድ ተጋድሞ የተሠሩትም፣ ብዙ ጊዜ የተወለዱት ልጅ ከተገጨ በኋላ ነዋሪው ራሱ ወጥቶ ነው። በእነርሱ ላይ አፌን አልከፍትም። ቅሬታዬ ሥራዎን በድብቅ በመሥራትዎ ነው። የማይታይ ጉብታ አያዘገይም፤ ይቀጣል እንጂ። ቅጣቱም ቢሆን እንደ ጎማው ቁጥር ይለያያል፤ ሲኖትራኩ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ባጃጁ ጠርዝ ጠርዙን ሾልኮ ያመልጣል፣ ሙሉ ሂሳቡን የምንከፍለው በሁለት ጎማ የመጣን ነን።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ምስክር ልጥቀስ። ቀን ቀን አጠገብዎ ጥላ ዘርግታ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች። መኪና ሁሉ ግድ የሚያዘግምበትን ቦታ ከማንኛውም መሐንዲስ ቀድማ አጥንታ እዚያው ገበያዋን ተክላለች፤ በዚያ መንገድ ላይ እርስዎን የሚያመለክት ነገር ቢኖር የእርሷ ጥላ ብቻ ነው። ሲመሽ ጥላዋን አጥፋ ወደ ቤቷ ትገባለች። መንግሥት ያልተከለው ምልክት በየማታው እንዲህ ይነቀላል።

ከእርስዎ ከተለያየን በኋላ እስከ ቃሊቲ ድረስ ጨዋታችን ጠፋ። የዛፍ ጥላ ሲያይ ግራ እጁን ያነሳል፣ እኔ መርገጫው ላይ እቆማለሁ፣ ምንም የለም፤ የተጣፈ አስፋልት ያያል፣ እቆማለሁ፣ ምንም የለም። ስለ ኮንሶ እርከኖች ልንነጋገር ያሰብነው ሁሉ «ጉብታ!» እና «የታለ?» በሚሉ ሁለት ቃላት ተተካ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ጥቂት ነው፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንዲያንጸባርቅ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ የተነሰነሰበት ነጭ ቀለም፣ ከፊትዎ ራቅ ብሎ የቆመ አንድ ሰሌዳ፣ ከተቻለም ወገብዎን ትንሽ ዘርጋ ማድረግ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከኋላ የተቀመጠችው

ግልባጭ፦
ለነጭ ቀለም፣ ባለበት፤
ለማስጠንቀቂያ ሰሌዳው፣ በተተከለ ጊዜ፤
ለባለቤቴ፣ «አየሁት» ከማለቱ በፊት እንዲያነበው።