ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም

ሰው ሲታመም ሽማግሌ ይጠራል፣ የንስሐ አባት ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ታማሚው «ቤቱ ለታናሿ ልጄ ይሁን፣ መኪናውን ወንድሜ ይውሰድ» ይላል፤ የሰማውም ሁሉ አደራ ተቀብሎ ይወጣል። ከአርባው በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ቢመሰክር ቤቱ በዚያ ቃል አይተላለፍም። ምስክሮቹ ሐሰት ተናገሩ ተብሎ አይደለም። ሕጉ ለቃል ኑዛዜ ይህን ያህል ሥልጣን ስላልሰጠው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 880 ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ (ተጽፎ በምስክሮች ፊት የሚነበብ)፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና የቃል። ብዙ ሰው ሦስቱን እኩል አድርጎ ያያቸዋል። እኩል አይደሉም። ቤት ያለው፣ ከአንድ በላይ ትዳር ልጆች ያሉት ወይም ዘመዶቹ እንደሚካሰሱ የሚጠረጥር ሰው በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ፣ ያውም ውልና ማስረጃ ሄዶ ቢያደርግ ይሻለዋል።

የቃል ኑዛዜ ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው የመጨረሻ ፈቃዱ ነው። በቁጥር 893 መሠረት ሊያዝ የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አሳዳጊና ሞግዚት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ጫማ አይገዛም። መጠኑ ሊሻሻል ይገባዋል እላለሁ፤ ቤትና ቦታ በቃል እንዲተላለፍ መፍቀድ ግን ሟች ያላለውን ለሚያስወራ ሰው በር መክፈት ነው። ተናዛዡ ከተናገረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያው የቃል ኑዛዜ ራሱ ፈራሽ ይሆናል።

ያም ሆኖ አልጋ ዳር የተሰበሰበው ሰው ሥራ ፈት አይደለም። ወረቀትና ብዕር ካለ፣ ታማሚውም አእምሮው ካልደከመ፣ እዚያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ማድረግ ይቻላል። ቁጥር 881 የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ተናዛዡ ራሱ ይጻፍ ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጻፍለት፤ ጠበቃ የግድ አይደለም። የተጻፈው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ ይጻፋል። ከዚያ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ይፈርማሉ፣ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰሙ ይሁኑ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ማድረግ ክርክር መጋበዝ ነው።

ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ራፖር ጸሐፊው ከቆየ ናሙና ገልብጦ ንብረቱን አንድ በአንድ ሲዘረዝር የመነበቡን ነገር ይዘለዋል። ወይም ቤተሰቡ ወረቀቱን ይዞ አንዱን ምስክር ቤቱ፣ ሌላውን ሱቁ ድረስ ሄዶ ያስፈርማል። አራት ፊርማ ተሟልቷል፤ አራቱ ሰዎች ግን በአንድነት ሆነው ሲነበብ አልሰሙም። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ አንዱ «እኔ ማታ ነው የፈረምሁት» ካለ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ከፊርማው በላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አይቅር፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በእኔ በተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች በተጻፈው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል፤ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ፤ እኛም ምስክሮቹ ሲነበብ ሰምተን ወዲያውኑ ፈርመናል።» ሁለት መስመር ናት፤ ቤት ታድናለች።

አራት ሰው መሰብሰብ ለከበደው ቁጥር 882 መላ አለው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ (ውልና ማስረጃ የሚሠራ ሹም) ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ውልና ማስረጃ የምመርጠው ግን ለምስክር ቁጥር ብዬ አይደለም። የተናዛዡ ማንነት ተጣርቶ ይመዘገባል፣ ቅጂውም መዝገብ ቤት ይቀራል። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቶ የሚቀድ ወራሽ እዚያ አይደርስም።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም፤ ምስጢሩን ለራሱ መያዝ ለሚፈልግ ይመቻል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ የተነገረበት፣ እያንዳንዱም ወረቀት ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ መፈረም አይበቃም። በኮምፒዩተር ለጻፈ ሰው ቁጥር 885 ተጨማሪ ያዛል፤ በመሣሪያ የጻፈው ራሱ መሆኑን በያንዳንዱ ወረቀት ላይ በእጅ ጽሑፉ ማመልከት አለበት። ልጅ ተይቦ አባት የፈረመው ወረቀት እንግዲህ የተናዛዡ ጽሑፍ አይደለም፤ አራት ምስክር ከሌለው ደግሞ በግልጽ የተደረገም አይሆንም።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ቁጥር 903 ነው። በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። በአርባ ዓመቱ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ ሰው በስልሳ ዓመቱ ቢሞት ኑዛዜ የለውም።

ከፎርሙ ሌላ የይዘት ወጥመድም አለ። ባልና ሚስት በሕጋችን የአንዱ ወራሽ ሌላው አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ልጅ ከሌለ ወላጆች ይከተላሉ። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ዝም ብለው ከተቀመጡ በሕይወት የቀረው የሚይዘው የጋራውን ግማሽና የግሉን ብቻ ነው፤ የሟቹ ግማሽ ወደ አማት ይሄዳል። ይህን ሰግተው አንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙ አሉ፤ ቁጥር 858 ደግሞ ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ዋጋ ያሳጣዋል። እያንዳንዱ ለየብቻው ይጻፍ፣ የጋራ ቤታቸውንም ሲናዘዝ ግማሹን እንጂ ሙሉውን አይስጥ። ኑዛዜ በውክልናም አይደረግም፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለወንድሙ ሙሉ ውክልና የላከ ሰው ወንድሙ ስለ እርሱ ሊናዘዝለት አይችልም።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ ይጻፍ። «ነቅዬዋለሁ» ብቻ አይበቃም፤ ስሙን ሳይጠሩ ማለፍም መንቀል አይደለም። ፍርድ ቤቱ የተጻፈው ምክንያት ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ይመዝናል። ሳይነቅሉ ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው ማሳነስም ወሰን አለው፤ ከድርሻው ከሩብ በላይ የጎደለበት ልጅ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል።

ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ ልጅ ከተወለደ ወይም ትዳሩ በፍቺ ከፈረሰ እንደገና ይጻፍ፤ ለተፋቱት የትዳር ጓደኛ የተሰጠው ስጦታ በሕግ ፈራሽ ይሆናል፣ የአዲሱ ልጅ መምጣትም የቀድሞውን ሊያፈርስ ይችላል። አዲሱ ላይ «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ኑዛዜ ሽሬያለሁ» የሚል ካልገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ በተጋጩበት ብቻ ነው የኋለኛው የሚጸናው። ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ ዋናው ወረቀት ወይም ኑዛዜውን የተቀበለው መዝገብ ቤት ያረጋገጠው ቅጂ ነው፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይተካውም። የት እንደተቀመጠ ቢያንስ አንድ ከኑዛዜው የማይጠቀም ሰው ይወቅ።