ጨርቁን ተቆጣጠሩ፣ ርዝመቱን ለዋናተኛው ተዉት

ቅዳሜና እሁድ ሶደሬ ብትወርዱ ገንዳው ውስጥ የማታዩት የልብስ ዓይነት የለም። የኳስ ቁምጣ አለ። ጉልበቱ ላይ የተቆረጠ ጂንስ አለ። የጥጥ ቲሸርት በታይት አለ። አልፎ አልፎ ቢኪኒም ብቅ ይላል። ከዳር ደግሞ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ብቻ የነከሩ ሴቶች ተደርድረዋል። ውሃ ጠልተው እንዳይመስላችሁ። "ለምን አትገቡም?" ስትሏቸው የብዙዎቹ መልስ "ምን ለብሼ?" ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ጣናና የቢሾፍቱ ሐይቆች እያሉን ዋና የማይችለው ሰው ለምን በዛ ለሚል፣ ከመልሶቹ አንዱ እዚህ ጋ ነው። ልብሱን በአንድ እጁ ወደ ታች እየጎተተ ዋና የሚማር ሰው የለም።

የገንዳ አስተዳዳሪዎችም ነገሩን አላቀለሉትም። በር ላይ "የዋና ልብስ ግዴታ ነው" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የትኛው ነው የዋና ልብስ? እሱን የዕለቱ ተረኛ ይወስናል። ረጅም እጅጌ ያለው፣ በትክክለኛው ጨርቅ የተሰፋ ልብስ የለበሰችዋ ከበር ልትመለስ ትችላለች። ከውስጥ የጥጥ ፓንት፣ ከላይ ሲውልበት የቆየውን ቁምጣ የደረበው ጎረምሳ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ይሄ የተገለበጠ ደንብ ነው። ገንዳን የሚጎዳው ጥጡ እንጂ እጅጌው አይደለም።

ጥጥ ውሃ ይጠጣል። ይከብዳል፣ ይንዘላዘላል፣ ወደ ታች ይጎትታል። ለጀማሪ ደግሞ አደጋም ነው። ክሩ እየረገፈ ማጣሪያው ላይ ይከማቻል። ከመንገድ የመጣ ቁምጣ ላቡንም፣ አቧራውንም፣ በደንብ ያልለቀቀ ሳሙናውንም ይዞ ነው የሚገባው። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ዓይን የሚያቀላውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ብዙ ሰው ገንዳው ኃይለኛ ሽታ ሲኖረው "በደንብ ጸድቷል" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ክሎሪኑ ከሰው ቆሻሻ ጋር ትግል ላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ሳይታጠቡ መግባት ከየትኛውም አለባበስ የባሰ ነውር የሚመስለኝ።

ፈረንሳዮች በዚህ በኩል ጥብቅ ናቸው። በብዙ የማዘጋጃ ቤት ገንዳዎቻቸው ወንድ ሰፊ ቁምጣ ለብሶ አይገባም። ገላ ላይ ልክክ የሚል የዋና ፓንት ይጠየቃል፤ በብዙዎቹ የፀጉር ቆብም ግዴታ ነው። ቁምጣው ከመንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል ባይ ናቸው። እዚያ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣባችሁ ቀድማችሁ ብትነግሩት በር ላይ ከመመለስ ይድናል። እስከዚህ ድረስ ከእነሱ ጋር ነኝ።

የማልስማማው ሙስሊም ሴቶች ተሸፍነው በሚዋኙበት ልብስ፣ በቡርኪኒው ነው። ቡርኪኒን እ.ኤ.አ. በ2004 የፈጠረችው ሊባኖስ ተወልዳ አውስትራሊያ የምትኖረው አሄዳ ዛኔቲ ናት። ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ይሸፍናል እንጂ ጨርቁ ያው የዋና ልብስ ጨርቅ ነው። የፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በገንዳዎቿ እንዲለበስ ፈቀደች። ወር ሳይሞላው የታችኛው ፍርድ ቤት አገደው፤ በሰኔ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እገዳውን አጸና። ለሃይማኖታዊ ጥያቄ ተብሎ ደንቡ ከላላ የተጠቃሚዎች እኩልነት ይጓደላል አለ። እኔ ግን እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ የጨርቅ ደንብ ማውጣት ይመስለኛል። ጨርቁን ካሟላች፣ ክንዷ ታየ አልታየ የገንዳው ጉዳይ አይደለም።

እኛ ጋ ደግሞ መሸፈን የምትፈልገው ሙስሊሟ ብቻ አይደለችም። ኦርቶዶክሷም፣ ጴንጤዋም አለች። በቅርብ የወለደች አለች። ጠባሳውን ማሳየት የማይፈልግ ወንድ አለ። ፀሐዩም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ወሬ ተዉት። ልጆቹን እጅጌ ያለው ልብስ ያለበሰ ወላጅ ማታ ትከሻቸውን ቅባት ሲቀባ አያመሽም።

"እንግዲያው ቢኪኒ ይከልከልልን፣ ባህላችን አይደለም" የሚሉም አሉ። ለእነሱም መልሴ ያው ነው። ጨርቁ የዋና ጨርቅ ከሆነ የሷን ልብስ ለሷ ተዉላት። ገንዳ ዳር ሰውን የሚያሸማቅቀው ከልብሱ ይልቅ ስልኩ ነው። አንዱ "ራሴን ነው የምቀዳው" እያለ ከኋላው ያለውን ሁሉ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። ስለ ሴቶች ክብር የሚጨነቅ አስተዳዳሪ ከዚህ ይጀምር። ገንዳ ዳር ካሜራ ክልክል ይሁን፣ ተረኛውም እሱን ይቆጣጠር። ያን ጊዜ ዳር ከተቀመጡት ስንቶቹ እንደሚገቡ እናያለን።

አሁን ወደ መግዛቱ። በብዛት የሚገኘው ከናይለንና ላይክራ ከሚባለው የሚለጠጥ ክር የተሠራው ነው። ይለጠጣል፣ ይመቻል፣ ግን ክሎሪን ላይክራውን ይበላዋል። በየሳምንቱ የሚዋኝ ሰው ፖሊስተር የሚበዛበትን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ መለጠጡ ትንሽ ቢያንስም ዕድሜ አለው። ሙቀትም ላስቲክ ያላላል። ስለዚህ እንደ ሶደሬ ባለ ፍል ውሃ፣ ወይም ፍል ውሃ በሚገባበት የአዲስ አበባ ሒልተን ገንዳ የሚያዘወትር ሰው፣ ልክ እንደወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቀው። ፀሐይ ላይ አያስጣው።

ሳልባጅ ከሆነ የምትገዙት፣ መቀመጫው ላይ ለጠጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ነጫጭ ክር ብቅ ብቅ ካለ ወይም ወደ ቦታው ካልተመለሰ ላስቲኩ ሞቷል። ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ስትለኩ ደግሞ መስታወት ፊት ቆሞ ማየት አይበቃም። እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ጎንበስ በሉ። ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ትከሻ ላይ ከቆረጠ ውሃ ውስጥ ይብስበታል። ትንሽ ጠበቅ ማለቱ ግን ጥሩ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ነጭ ከሆነ ገበር ይኑረው፤ ገበር የሌለው ነጭ ሲረጥብ ሁሉን ያሳያል። ለልጆች ነጭና ውሃ ሰማያዊ ፈጽሞ አትግዙ። ልጁ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ከገንዳው ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን፣ ባይወደውም።

ሹሩባና ድሬድ ያላችሁ፣ ተራው ቆብ ራሳችሁን እንደሚያሳምም አውቃለሁ። ሶል ካፕ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ብዙ ፀጉር የሚይዝ ሰፊ ቆብ ሠርቶ፣ የዓለም የዋና ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት ለውድድር አልፈቅድም ብሎት ነበር። የጭንቅላትን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አይከተልም ተባለ። የማን ጭንቅላት እንደሆነ አልተናገሩም። ጩኸት በዛና በ2022 ተፈቀደ። የእኛ ገንዳዎችም ቆብ ግዴታ ካደረጉ ሰፊውን አብረው ያቅርቡ።

የሚቀረው ዋጋው ነው። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ከውጭ ሲመጣ ይወደዳል። ግን የስፖርት ማልያ የሚሰፋ ባለሙያ ካገኛችሁ ይህንንም ሊሠራው ይችላል። የሚለጠጥ የፖሊስተር ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክሩም ፖሊስተር ይሁን። ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ስለሚበጠስ በዚግዛግ ይስፋው። እጅጌውና ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበብ ያድርገው፣ አለበለዚያ ውሃ ገብቶ ይነፋዋል።