ለታማሚ ዓይን ማረፊያ ይሰጠው

አባቴ በተኛበት ሆስፒታል፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ርጥበት ያወጣው ትልቅ እድፍ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን እድፍ አብረን ስናይ ከረምን። አንድ ቀን "ተራራ ነው" አለኝ። በማግስቱ "ዛሬ ፈረስ ሆኗል" አለ። እኔ ዝናብ የያዘ ደመና ይመስለኝ ነበር። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። እስከ ግማሽ ድረስ የተቀባ ቢጫ ዘይት ቀለም፣ "ጸጥታ ይከበር" የሚል ወረቀት፣ በቃ።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶው ደግፎ አቆየኝ። በዚህ የታደልን ነን። ድንኳኑ፣ እድሩ፣ ንፍሮው፣ ሰው ብቻውን እንዲቀመጥ አይተዉትም። የሚከብደው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ያኔ የሚነገርሽ ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። "በርቺ።" "ጠንከር በይ።" "እሱስ አረፈ።" ስለሚወዱኝ ነው የሚሉት። እኔ ግን መበርታት አቅቶኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ጉዳይ ኖሮኝ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ክረምት ነበር። ዝናቡ ሲያዋክበኝ ገብረክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ገብቼ ተጠለልኩ። የአንድ ወጣት ሠዓሊ ሸራ ፊት ቆምኩ። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፣ ዛፍ የለበት። ግራጫው ቀለም በወፍራሙ ተለጥፎ፣ ቦታ ቦታውን በቢላ ተፍቋል። ከተፋቀው ስር ቀይ ይታያል። ታች ጥጉ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ቢጫ አለች። ዓይኔ እየዞረ እሷ ጋ ያርፋል። አባቴ ያንን እድፍ ያይ የነበረው ለካ እንዲህ ነው። እንባዬ መጣ። ሥዕሉ በርቺ አላለኝም። አልቅሺም አላለኝም። ዘበኛው ምንም ሳይናገር ወንበር አመጣልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ብዙዎቻችን አብስትራክት ሥዕል፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር ሳይሣል በቀለምና በመስመር ብቻ የተሠራ ሥዕል ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን ማለት ነው?" ብለን ነው። መልሱ ሲጠፋብን ደግሞ "ይሄ ለተማሩት ነው" ብለን እናልፋለን። ዋሽንት ስንሰማ ግን ምን ማለት ነው አንልም። ቃል የለውም፣ ሆድ ግን ያባባል። ለጆሯችን የፈቀድነውን ለዓይናችን ለምን እንከለክላለን?

ሙዚየሙ በስሙ የተሰየመለት ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስም ይህ ጥያቄ ገጥሞታል። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲመለስ የያዘው አሳሳል ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አግኝቷል። በመጨረሻ ግን በስደት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ አረፈ። "ሀገሬ" የሚለውን ግጥሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ሀገሩን እንደናፈቀ የሞተ ሰው ሥዕሎች ዛሬ አዲስ አበባ መሃል መሰቀላቸው ብቻውን ያጽናናኛል።

ደግሞስ አብስትራክት መጤ ነው ያለው ማነው? ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በክታብ ጥቅልሎች ስብስቡ ይታወቃል። ደብተራው ብራናውን በታማሚው ቁመት ልክ ያዘጋጅ ነበር፤ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። ላዩ ላይ ጠልሰም ይሣላል፦ የሚያፈጡ ዓይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ መስመሮች። ታማሚው እንዲያየው ነው የተሣለው። የእምነቱን ነገር ለባለቤቶቹ ልተወው፤ በዚህ ላይ እንደማንስማማ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሥዕልና ሕመምተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የእነዚህን ብራናዎች ዓይኖችና መስመሮች ወስዶ የዓለም ዘመናዊ ሥዕል ውስጥ አስገብቷቸዋል። የታማሚው ግድግዳ ግን ባዶውን ቀረ።

ሥዕል መድኃኒት ይተካል አልልም። አባቴን ሥዕል አያድነውም ነበር። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ፣ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ታማሚን በመደገፍም ድርሻ እንዳለው ጽፏል። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሙዚየም ጉብኝት እስከ ማዘዝ ደርሰዋል።

እኛ ደግሞ የአለ ፈለገሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለን። ተማሪ ሲመረቅ ሥራውን ለእይታ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሸራ ነው ተጠቅልሎ አልጋ ስር የሚገባው? ለምን በውሰት ሆስፒታል አይሰቀልም? በመስታወት ቢሸፈን በጨርቅ ይወለወላል። በየስድስት ወሩ ይቀያየር። ከሠዓሊው ስም ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተኝቶ የሚያየው ሰው የራሱን ይጨርስበት። ከኮሪደሩ ይልቅ እኔ የምለምነው አልጋው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው። አስታማሚዋም እዚያው ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።

እኔ በበኩሌ ከአንድ ወጣት ሠዓሊ ትንሽ ሸራ ገዝቼ ሳሎን ሰቅያለሁ። ሰማያዊና ቡናማ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ ቀለም ፈሶበታል። እናቴ መጀመሪያ "ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?" ብላኝ ነበር። አሁን ቡና ስታፈላ በርጩማዋን ወደ እሱ አዙራ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው እሁድ ሁለተኛውን እየቀዳች ቀና አለችና ብዙ አየችው።

"አባትሽ ቢኖር ፈረስ ነው ይል ነበር" አለችኝ።