ሰፊ ጎማ የሰነፍ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን በሬዲዮ ስለ ብስክሌት ሲወራ አንድ እንግዳ «ኮርስ ሳይክል ላይ ሰፊ ጎማ መግጠም ሳይክሉን መግደል ነው፣ የሰነፍ ሥራ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ኮርስ የሚባለው የውድድር ዓይነቱ ሳይክል ነው። አዘጋጁ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ በሳይክል ሥራ የሚሄደው ሰው ቀላል አይደለም፣ ይህንን አምኖ ወገቡን የሚያስቆርጥ ሰው አለ።

ማስረጃቸው «ተወዳዳሪዎች ቀጭን ነው የሚነዱት» የሚል ነበር። የትኞቹ ተወዳዳሪዎች? 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ዘመኑ ካለፈ ቆየ እኮ። ዛሬ በአውሮፓ ትልልቅ ውድድሮች 28 እና 30 የተለመደ ነው። በፈረንሳይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚካሄደው ፓሪስ-ሩቤ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያሰፋሉ። የዓለም ፈጣኖቹ ድንጋይ ሲያዩ ጎማ ካሰፉ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለን የምንሄደው እኛ ምን ዕዳ አለብንና ነው የምንንገጫገጨው?

ሰው ጠንካራ ጎማ ሁሉ ፈጣን ይመስለዋል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ቀጭን ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ ቸርኬው ከመሬት እንዳይጋጭ አጠንክሮ መንፋት ግድ ነው። ልሙጥ አስፋልት ላይ ችግር የለውም። ታጥፋችሁ ወደ ሰፈር ኮብልስቶን ስትገቡ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ሳይክሉንም እናንተንም ያነሳል፣ ያ መነሳት ደግሞ ከእግራችሁ ጉልበት ነው የሚቀነሰው፣ ወደፊት ሊወስዳችሁ የሚገባው ኃይል እጃችሁንና ወገባችሁን ሲነቀንቅ ያልቃል። ሰፊ ጎማ ለስለስ ብሎ ሲነፋ ድንጋዩን ይውጠዋል። ከ23 ወደ 32 ስትሄዱ አየር የሚይዝበት ቦታ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ዳንሎፕ በአውሮፓውያኑ 1888 የባለቤትነት መብት ያገኘበት በአየር የሚነፋ ጎማ እኮ መጀመሪያ የተሠራው ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ነው። ንዝረትን ለመግደል የመጣን ነገር መልሶ ድንጋይ ማድረግ ምን ይባላል?

እኔ ሁለት ዓመት በቀጭን ጎማ ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ወዲህ ወዲያ ብያለሁ። ቢሮ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፍ ማዞር ያቅተኝ ነበር። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ አውጥቶ ውኃ ውስጥ ሲነክረው አረፋው ሁሌም ከሁለት ቦታ ጎን ለጎን ይወጣ ነበር። ሚስማር አይደለም። ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተጨምቆ ነው የተነከሰው። 28 ካስገባሁ ወዲህ ያንን ዓይነት ቀዳዳ አላየሁም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፣ ሁሉም ሳይክል ሁሉንም ጎማ አያስገባም። የድሮ ኮርስ ሳይክሎች ፍሬን ብዙ ጊዜ ከ28 በላይ አያሳልፍም። ጎማው ከፍሬኑና ከፍሬሙ ጋር ሳይነካካ በግራም በቀኝም ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፣ ጭቃ ሲይዝ እንዳይፋቅ። ይህ የልክ ጉዳይ ነው፣ የስንፍና አይደለም። 32 ካልገባ 28፣ እሱም ካልገባ 25 ግጠሙ። ከዚያ ጎሚስታው እንደ ልማዱ እስኪደርቅ ሊነፋ ሲል እጁን ያዙት።