ክቡር አድሚን፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ

ባለፈው ማክሰኞ የዓመት ፈቃድ ልጠይቅ የመሥሪያ ቤታችንን ሲስተም ብከፍት፣ የቀረኝ 3 ቀን ነው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት እንኳ 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ አንድም ቀን አልወጣሁም። ማን ነካብኝ ብዬ መዝገቡን አየሁ። «የተስተካከለው፦ እሑድ ማታ 4፡12። ያስተካከለው፦ አድሚን።»

ሲስተሙ ውስጥ ሁሉን ማየትና መቀየር የሚችለው አድሚን እኛ ቤት 11 ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊያቸው፣ ሒሳብ ክፍል በሙሉ፣ ነዳጅ የሚመዘግበው ሾፌር፣ ለክረምት ልምምድ መጥቶ በዚያው የቀረው የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ፣ እኔም ጭምር።

ሌላ ቦታ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ አለው አሉ። ገንዘብ ያዡ የገንዘቡን ብቻ ያያል፣ ንብረት ክፍሉ የንብረቱን ብቻ፤ ማን ምን እንደነካም በስሙ ይመዘገባል። ምን ዓይነት ስስት ነው! እንዲህ ያለ ሰው ጉርሻም አያውቅ። እኛ ዘንድ አንድ ፓስወርድ እንደ ጽዋ ይዞራል። የድርጅቱ ስም ላይ 123 የተቀጠለበት ነበር፤ በየሦስት ወሩ ይቀየር የሚል መመሪያ ስላለን አሁን 131 ደርሰናል። አዲሱ ቁጥር ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ፒን ይደረጋል። ከለቀቁ ዓመት ያለፋቸው ልጆችም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱ እንዲያውም ተፎካካሪያችን ጋ ገብተዋል። ታዲያ ማን ያስወጣቸዋል? ነውር አይደለም እንዴ? የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ሰውን በየጊዜው ፓስወርድ ቀይር ብላችሁ አታስገድዱ ብሎ መክሮ ነበር፤ ከጫፉ ላይ ቁጥር ከመጨመር ያለፈ ነገር አያደርግማ። ሳያየን እንዴት አወቀን?

«ቆይ፣ ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የላችሁም?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አለን እንጂ! መንዝ፣ መሀል ሜዳ ነው ያለው።

ሲስተሙን የገጠመልን የአይቲ ልጅ የማረጋገጫው ኮድ በራሱ ስልክ እንዲገባ አድርጎ ነበር። ኋላ ዲቪ ደረሰውና ሄደ፤ ሲሙን ለእናቱ ትቶላቸው። ስለዚህ ደሞዛችንን ለመክፈል የሚያስፈልገው ባለ6 አሃዝ ኮድ ዛሬም መንዝ ድረስ ተጉዞ የእማማ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ያርፋል። እንደውላለን። እማማ ደግሞ ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ አይገቡም። «እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ? ቤተሰብ ደህና? እዚያስ ዘነበ?» የኮዱ ዕድሜ 5 ደቂቃ ነው፤ የእማማ ሰላምታ 7። ሌላ ኮድ እናስልካለን። እማማ ቁጥር ስለማያነቡ አምስተኛ ክፍል የሆነች የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። እሷ የጠዋት ፈረቃ ከሆነች ደሞዛችን ከሰዓት ይገባል፤ የከሰዓት ከሆነች ጠዋት። ፈተና የደረሰባት ጊዜ ሠራተኛው በሙሉ ብድር ገብቷል። አንድ ቀን 6ን 9 እያለች አንብባልን ሦስት ጊዜ ስተን ሲስተሙ ዘጋብን። የሒሳብ ኃላፊው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ሆዱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» እያሉ ሲጮኹ ኦዲተሮቹ በር ላይ ቆመው ነበር። የገበያ ቀን ደግሞ እማማ ስልኩን ቤት ጥለውት ነው የሚወጡት። የገበያ ቀን እኛም ሥራ የለን።

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ፣ ማንም በማይጠቀምበትና ሁለተኛ ማረጋገጫ ባልነበረው አሮጌ አካውንት ሌባ ገብቶበት 75 ቢትኮይን ቤዛ ከፍሏል። ምስኪኖች። እማማ የሏቸውማ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳቁ ያንቀኛል። አምና ከንብረት መዝገብ ላይ የ18 ሺህ ብር ዕቃ ተሰረዘ። የሰረዘው አድሚን ነው። አድሚን ደሞዝ ስለሌለው የሚቆረጥበት ደሞዝ ተፈለገ፤ ከተቀጠረች ስድስት ወር ያልሞላት ልጅ ተገኘች። «ያን ቀን መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ» ተባለች። ፓስወርዱን ለ11 ሰው ያደሉት ሰዎች ናቸው እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ የፈረሙባት። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። ለአንድ ሰው የራሱን መግቢያ መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የማይከፈተው ጊዜ ጠፍቶ አይደለም፤ ስም ከተመዘገበ ባለስሙ ስለሚጠየቅ ነው። እሷ ግን እስካሁን እየከፈለች ነው።

ወደ ምስጋናችን። የመረጃ ደህንነት ኮሚቴያችን ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ አስይዞ፣ ለእማማ ጋቢ፣ ለልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳ እንዲገዛ ወስኗል። ወጪው «ሳይበር ደህንነትን ማጠናከሪያ» በሚል ተይዟል።

የእኔ ፈቃድም መላ አገኘ። ለካ እኔም አድሚን ነኝ። ትናንት ማታ ገባሁ፤ ልጅቷ ስድስቱንም አሃዝ ጥርት አድርጋ አነበበችልኝ። 3ቱን 16 አደረግኩት። 16 ደግሞ ጎደሎ መስሎ ስለታየኝ፣ 20። እማማ ስልኩን ተቀብለው «ፈቃድ ከወጣህማ ብቅ ብለህ ጠይቀን እንጂ!» አሉኝ።

እሺ ብያለሁ። አድሚን ፈቅዷል።