ሦስተኛው ሰው እመቃብሩ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የንባብ ምሽት ላይ ነበርኩ። የሚነበበው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ተናድጄ ወጣሁ።

የአዘጋጆቹ ውሳኔ ገና ሲጀመር ገባኝ። የተመረጡት ገጾች ሁሉ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ናቸው። ደብዳቤያቸው፣ ናፍቆታቸው፣ መለያየታቸው። ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሳ ጥቂት መስመሮች ደረሱት፤ እነሱም ፍቅረኞቹን የረዳባቸው ቦታዎች ናቸው። በጌታቸው ላይ የተነሡትን ገበሬዎች የሚመራው የአበጀ በለው ስም ጭራሽ አልተነሣም።

በጥያቄ ሰዓት አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ገበሬዎቹስ ለምን ቀሩ?» አለ። መድረኩ ላይ የነበሩት ተናጋሪ መለሱለት። መደብና ጭቆና የሚባለው ነገር የስድሳዎቹ ትውልድ በመጽሐፉ ላይ የለጠፈው ነው፤ መጽሐፉ ንጹሕ የፍቅር ታሪክ ነው አሉ። አንድ ነገርም ጨመሩ። ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩ ሰው የሚያገለግሉትን ሥርዓት እንዴት ይቃወማሉ? አዳራሹ አጨበጨበ። ልጁም ተቀመጠ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ከተባለው ሁሉ የሳሳው እሱ ነውና።

ባለሥልጣን የነበረ ሰው ሥርዓቱን አይቃወምም? በታኅሣሥ 1953 ንጉሡን ለመገልበጥ የተነሡት እነማን ነበሩ? መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ወንድማቸው ግርማሜ አውራጃ ገዢ ነበሩ። ሁለቱም የሥርዓቱን እንጀራ በልተዋል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ጣሪያው የት የት ጋ እንደሚያፈስ ያውቃል፤ ውጭ የቆመው ቆርቆሮውን ብቻ ነው የሚያየው።

ሐዲስ ደግሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ አልተወለዱም። በ1902 ጎጃም ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት ነው ያደጉት። ጠላት ሲመጣ ዘመቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በኢጣሊያ እስር ቤት ዓመታት አሳለፉ። ሥልጣን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ርዕሱን ብቻ ተመልከቱ። ባለው አስተዳደር የረካ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

ስለዚህ የሚኒስትሩን ወሬ እንተወው። መጽሐፉ ይናገር።

«የስድሳዎቹ ትውልድ ለጠፈበት» ለሚለው አንድ ቀን መጥቀስ ይበቃል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ጉዱ ካሳ ስለ ካብ የሚናገረውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው እንጂ በኋላ የወጣ በራሪ ወረቀት ላይ አይደለም። ማኅበራችን እንደ ሕያው አካል አልተሠራም፤ ሕይወት እንደሌለው የድንጋይ ካብ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ የቆመ ነው ይላል። የታችኛው ሲፈነቀል የላይኛው ይወድቃል፤ የላይኛው ሲናድ የታችኛውን ይጫናል። ይህን ማን ለጠፈው? ሐዲስ በገዛ ብዕራቸው ጻፉት። የለጠፈ የለም። የሚልጥ ግን አለ፤ ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ ካብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለኔ መጽሐፉ ሁሉ እሱ ነው።

ካብ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም። ድንጋይ ድንጋዩን በክብደቱ ይዞት ነው የሚቆመው። የታችኛው ድንጋይ ከላይ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። የላይኛው ደግሞ ከፍ ያለ ይመስለዋል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ ማለት አይችልም። ከተነቃነቀ ይወድቃል። አሁን ሰዎቹን አንድ በአንድ ካቡ ላይ አስቀምጧቸው።

በዛብህ ከማንኩሳ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። የተሳሉት ስለጨከኑ አይደለም፤ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ነው። ደሀ ከሞት ጋር የሚደራደርበት ሌላ ምን አለው? ልጁ አደገ፣ ተማረ፣ ቅኔ ዘረፈ። በእውቀት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰው ሁሉ ይበልጣል። ፊታውራሪውም ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ልጃቸውን ፊደል እንዲያስተምርላቸው ያስገቡት። እውቀቱ ይገባል፣ ሰውየው ግን አይገባም። ሰብለን ማስተማር ይችላል፣ ማግባት ግን አይችልም። ይህ የፍቅር ችግር ነው ካላችሁኝ የፍቅርን ትርጉም ንገሩኝ።

ሰብለ ወንጌልስ? እሷ ከላይ ነው ያለችው። የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ ናት። ግን የሚመጥን ዘር ያለው ባል እየተባለ ዕድሜዋ አለፈ። አንዱ ሲመጣ ዘሩ ይታያል፣ ሌላው ሲመጣ አጥንቱ ይቆጠራል። ቁመቷ፣ መልኳ፣ ልቧ ምንም አላዳናትም። ካቡ የታችኛውን ብቻ አይደለም የሚጨፈልቀው። የላይኛውንም ቦታው ላይ አድርቆ ይገድለዋል። በዛብህ ወደ ላይ መውጣት አልቻለም፣ ሰብለ ወደ ታች መውረድ አልቻለችም። ስትወርድም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ከሠርግ አምልጣ ነው። ሰው ለመሆን ከመደቧ መሰደድ ነበረባት።

ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ ተመልከቱ። ፊታውራሪ ማለት የፊት ጦር መሪ ነው። ማዕረጉ ጠላት ፊት ለሚቆም ሰው የተሰጠ ነው። እሳቸው ግን ጦራቸውን አስከትለው የወጡት በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ነው። ከተለመደው ግብር በላይ ጠየቁ። ገበሬዎቹ ይህ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ ነው አሉ። ፊታውራሪው ዘመቱ። አበጀ በለው የሚመራው ገበሬም ማረካቸው። ሐዲስ ይህን ያህል ገጽ ለገበሬና ለጌታ ጦርነት የሰጡት ቦታ ለመሙላት ነው? አንድ የፍቅር ታሪክ መሐል ይህን ጦርነት ያስገባ ደራሲ ምን እየነገረን እንደሆነ ለመረዳት የየትኛውም ፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም።

«ፊታውራሪው ክፉ ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ የሥርዓት ጉዳይ አይደለም» የሚል ሰውም በየቡና ቤቱ አይጠፋም። ስንፍና ነው። ሐዲስ ፊታውራሪውን ጭራቅ አላደረጓቸውም። ያለቅሳሉ፣ ይፎክራሉ፣ ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ክብራቸው ሲነካ እንደ ልጅ ይሆናሉ። አንዳንዴ ያሳዝናሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር። ሌላ ፊታውራሪ ይሾማል፣ ሰብለና በዛብህ ይጋባሉ፣ መጽሐፉ በሠርግ ያልቃል። የማያልቀው ሌላው ፊታውራሪም ያንኑ ስለሚያደርግ ነው።

ጎጃምን የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይላል። እዚያ ገበሬው በአብዛኛው ባለ ርስት ነው። እንደ ደቡቡ ጭሰኛ በቀላሉ ከመሬቱ አይነቀልም። ጌታው ደግሞ ባለ ጉልት ነው፤ መሬቱ የገበሬው ሆኖ ግብሩን ይበላል። አንዱ መሬት ላይ ሁለት መብት ተደራርቧል ማለት ነው። እንደገና ካብ። አበጀ በለውና ጓደኞቹ «እምቢ» ለማለት ጉልበት ያገኙት ከዚህ ይመስለኛል። የቆሙት በአባታቸው አጥንት ላይ ነው። ሐዲስ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ አድገውበታል።

መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960፣ እዚያው ጎጃም ምን ሆነ? አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ከቦታቸው ተነሡ። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ጠብና ጎጃም ውስጥ የሆነው ጠብ አንድ ዓይነት ነው፦ ከልማድ ውጭ የተጠየቀ ግብር፣ «እምቢ» ያለ ገበሬ፣ የዘመተ ጦር። ይህ አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም። ሐዲስ የሚያውቁትን አገር ጻፉ፤ አገሩም ሁለት ዓመት ቆይቶ መጽሐፉን አረጋገጠ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ካቡ ካልተሻሻለ እንደሚናድ ጉዱ ካሳ ቀድሞ ተናግሮ ነበር። ያን ጊዜ ግን እብድ ይሉታል።

«ጉዱ» የሚለው ስም ራሱ ፍርድ ነው። ካሳ የፊታውራሪው ዘመድ ነው፣ ከላይኛው ወገን ነው። የሚናገረውን የሚናገረው ተርቦ አይደለም። የዘመዶቹን ጥቅም የሚጎዳ እውነት ስለሚናገር ስሙን ቀየሩት። ሲናገር «ጉድ ነው» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንትም የሆነው ይኸው ነው። ሳይነበብ ታለፈ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያብከነክነኝ ግን መጨረሻው ነው። መጽሐፉ ንጹሕ የፍቅር ታሪክ ከሆነ መቃብሩ ለሁለት ሰው ይበቃል። ርዕሱም የሚጠብቀው ሁለት ሰው ነው። መቃብሩ ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። በዛብህ አለ፣ ሰብለ አለች፣ ጉዱ ካሳም አለ። ለምን? ደራሲው ጉዱ ካሳን ሌላ ቦታ ሊቀብሩት ይችሉ ነበር። በሕይወት ሊተዉትም ይችሉ ነበር። ከፍቅረኞቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት። ፍቅሩና ሥርዓቱን የሚቃወመው ቃል አንድ ላይ ነው የሞቱት፤ የገደላቸውም አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ሦስተኛውን ሰው ከመቃብሩ አውጥቶ ሁለቱን ብቻ የሚያስለቅስ ሰው ሐዲስን አላነበበም። የራሱን መጽሐፍ ነው ያነበበው።

በዛብህ የቆሰለው መንገድ ላይ ነው፤ ፊታውራሪው በእጃቸው አልገደሉትም ይባላል። አዎ። መንገድ ላይ ነው። ግን መንገድ ላይ ምን አወጣው? ፊታውራሪው ከሚኖሩበት ከዲማ ለምን ሸሸ? አዲስ አበባ ለምን ገባ? ለምንስ ተመለሰ? እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ኋላ ተከተሉት፤ የሚያደርሳችሁ አንድ በር ላይ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት በር ላይ።

አንድ ነገር አምናለሁ። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ያለቀሰው በከንቱ አይደለም። እኔም አልቅሻለሁ። ግን የሬዲዮ አድማጩ ጉዱ ካሳንም ሰምቷል። ወጋየሁ በድምፁ ሲያወጣው ስንቱ ቤት ውስጥ ሰው ሥራውን ትቶ ጆሮውን ሰጥቶታል። ለዚያ አድማጭ ማንም ቀንሶ አላቀረበለትም። ለዛሬው ወጣት ግን ይቀነስለታል። «ይከብደዋል» ይባላል። አይከብደውም። ጠይቋል እኮ። በግልጽ፣ በአንድ አጭር ጥያቄ ጠይቋል።

ዘር እየቆጠሩ ልጅ መስጠት ቀርቷል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ለሽምግልና የሄዱ ሰዎችን ይጠይቅ። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከቡናው በፊት ይቀርባል። ዋሽንግተን ውስጥም ይቀርባል፣ ቴል አቪቭ ውስጥም ይቀርባል። «ምን ይሠራል?» የሚለውም አብሮት ተጨምሯል። ጉዱ ካሳ ስለዚህ ነው የሚፈራው።

ለአዘጋጆቹ የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። ሁለተኛ ምሽት አዘጋጁ። የካቡን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። የገበሬዎቹን ምክክር አንብቡ። ፊታውራሪው የተማረኩበትን አንብቡ። ከዚያ ደብዳቤዎቹን መልሳችሁ አንብቡ፤ ያው ቃል ሌላ ሆኖ ይሰማል።

ልጁን ስወጣ በሩ ላይ አገኘሁት። መጽሐፉን ይዟል፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ገጾቹ ታጥፈዋል። ያጠፈውን ከፍቶ አሳየኝ። ሁሉም የአበጀ በለው ገጾች ናቸው። አያቱ ጎጃም ውስጥ ገበሬ እንደነበሩ ነገረኝ። መጽሐፉን ሲጀምር የፈለገው እሳቸውን እንደነበረም ነገረኝ።